ስለ አካል ልገሳ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች፦ ከብይን በፊት ማወቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰባቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

«አካል መለገስ ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» የሚለው ጥያቄ በደርሶቻችን ላይ ደጋግሞ ይነሳል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቃል መልስ ይጠብቃል። በዚህ ጥያቄ ውስጥ ግን ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ተጠቅልለዋል። የመጀመሪያው፦ በሕይወት ያለ ሰው ከአካሉ ከፍሎ ለሌላው መስጠት ይችላል ወይ? ሁለተኛው፦ በመሣሪያ የሚተነፍስ ሕመምተኛ ሞተ የሚባለው መቼ ነው፤ መሣሪያውስ መቼ ይነሳለታል? ሦስተኛው፦ ከሞተ ሰው አካል መውሰድ ይፈቀዳል ወይ?

የፊቅህ ሊቃውንት፣ በአንድ ነገር ላይ ሑክም ከመስጠት በፊት ነገሩን በትክክል መረዳት ይቀድማል ይላሉ። ሦስቱን ጥያቄዎች ያልለየ ሰው ለአንዱ የተሰጠውን መልስ ለሌላው ያውለዋል። በዚህም የተፈቀደውን ሲፈራ፣ ሊጠነቀቅበት የሚገባውን ደግሞ ሲዳፈር ይገኛል።

ጉዳዩ ከግቢ ክርክር ያለፈ ነው። ከቢቸና፣ ከሞጣና ከአካባቢያቸው የመጣችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። ቤተሰብ ውስጥ ሰው በጠና ሲታመም ስልክ የሚደወለው ዩኒቨርሲቲ ለገባው ልጅ ነው። ሒሳብ ይማር ሕግ ወይም እርሻ፣ ልዩነት የለውም። «ሐኪሙ እንዲህ አለ፤ ምን ማለት ነው? ዲኑስ ምን ይላል?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ያ ስልክ ከመደወሉ በፊት ማወቅ የሚገባንን እንማር ዘንድ ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

1. ጥያቄው ከየት መጣ?

በመጀመሪያ መሣሪያው ከየት እንደመጣ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1952 የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ተመታች። በሽታው የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ስለሚያሽመደምድ ሕመምተኞች አየር አጥሯቸው ይሞቱ ነበር። በብሌግዳም ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ካቃታቸው 31 ሕመምተኞች 27ቱ ሞቱ።

ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም በዚያ ጊዜ አዲስ ሐሳብ አቀረበ። በሕመምተኛው ጉሮሮ በኩል ቱቦ ይገባል፤ ከቱቦው ጋር የተያያዘውን የጎማ ከረጢት ሰው በእጁ እየጨመቀ አየር ወደ ሳንባ ይገፋል። ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም ሌትና ቀን ሳያቋርጡ የሚጨምቁ እጆች ያስፈልጉ ነበር። እነዚያ እጆች የተገኙት ከዩኒቨርሲቲ ነው። 1,500 ያህል ተማሪዎች እየተፈራረቁ፣ በሕመምተኞች አልጋ አጠገብ ተቀምጠው፣ ለሳምንታት በእጃቸው አስተነፈሷቸው። የሟቾች ቁጥርም ከግማሽ በታች ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ኢብሰን በዚያው ከተማ፣ በሌላ ሆስፒታል፣ ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለውን ዓይነት ክፍል አቋቋመ። ሥራውንም ከረጢት በሚጨምቅ እጅ ፋንታ ቬንቲሌተር የሚባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ተረከበው።

መሣሪያው ብዙ ነፍስ አተረፈ። ከዚያው ጋር ቀድሞ ያልነበረ ሁኔታም ተፈጠረ። ሰው አንጎሉ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላም መሣሪያው ሳንባውን ያንቀሳቅሳል፤ ኦክስጅን እስካገኘም ልቡ ለተወሰነ ጊዜ ይመታል። ሰውነቱ ይሞቃል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ሰው በሕይወት አለ ወይስ ሞቷል? እ.ኤ.አ. በ1968 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ «የአንጎል ሞት» ለሚባለው ሁኔታ መለያ መስፈርት አወጣ። ጥያቄው ለዑለማዎቻችን የቀረበውም ከዚህ በኋላ ነው። በቀደሙት የፊቅህ መጻሕፍት ስለ ቬንቲሌተር የተጻፈ ነገር ብናጣ አያስገርምም። የዘመናችን ዑለማዎች በጋራ ተቀምጠው፣ ሐኪሞችን ጠይቀው ኢጅቲሃድ ማድረግ ነበረባቸው።

2. ጽኑ ሕክምና ከመሣሪያ በፊት ይጀምራል

ጽኑ ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን በትልቅ ከተማ የሚገኝ፣ መሣሪያ የሞላበት ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ሌላ ሥዕል ያሳየናል። ጥናቱ በ22 የአፍሪካ አገሮች፣ በ180 ሆስፒታሎች ተኝተው የሚታከሙ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን ተመልክቷል። ከስምንት ሕመምተኞች አንዱ በጽኑ የታመመ ነበር። ከእነዚህ ጽኑ ሕሙማን ውስጥ 69 በመቶ ያህሉ የተኙት በተራ የሕክምና ክፍሎች ውስጥ ነው። ከአምስቱ አንዱ በሳምንት ውስጥ ሞተ። መተንፈስ ካቃታቸው መካከል ኦክስጅን ሲሰጣቸው የተገኙት ከግማሽ በታች ነበሩ።

ይህ ለቢቸናና ለሞጣ ምን ይነግረናል? በሁለቱም ከተሞች ሆስፒታል አለ። በጽኑ የታመመ ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ከመባሉ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚያሳልፈው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ59 አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች፣ በማንኛውም ሆስፒታል ለጽኑ ሕመምተኛ ሊደረጉ የሚገባቸውን 40 መሠረታዊ ተግባራት ለይተው አሳትመዋል። አብዛኞቹ ውድ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። የልብ ምትን፣ የአተነፋፈስን፣ የደም ግፊትንና የንቃትን ሁኔታ በየጊዜው መለካት፣ ራሱን የሳተን ሰው ምራቅና ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ ማስተኛት፣ ኦክስጅን በጊዜው መስጠት፣ የባሰበትን ሕመምተኛ ለይቶ ሐኪም መጥራት ከእነዚህ መካከል ናቸው።

የጤና ተማሪ የሆናችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን በተለይ አስቡበት። ነገ ተመድባችሁ የምትሠሩት ቬንቲሌተር በሌለበት ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። የዚያን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ሆኖ የሕመምተኛን አተነፋፈስ በጥንቃቄ መቁጠር ነፍስ የማዳን ሥራ ነው። አንዲትን ነፍስ ማትረፍ በአላህ ዘንድ ያለውን ክብደት ሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 32 ያስተምረናል።

3. የመጀመሪያው ጥያቄ፦ የሕያው ሰው ልገሳ

እስቲ እንዲህ እናስብ። የሞጣ ነዋሪ የሆኑ አንድ አባት ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቆሙ። ያላቸው ምርጫ ሁለት ነው፦ የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ። እጥበቱ በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከሞጣ ባሕር ዳር ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እየተመላለሱ ይታጠቡ ቢባል በሳምንት 720 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ከቢቸና ወደ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 265 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ፣ ወይም አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። የታማሚው ሥራ ይቆማል፤ አስታማሚው ልጅ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ከብቱም ይሸጣል።

ንቅለ ተከላ ለረጅም ጊዜ በአገራችን አይሰጥም ነበር፤ አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተከፈተ። በዚህ ሥራ ከሚጠቀሱት ባለሙያዎች አንዷ በዚያው ሆስፒታል የኩላሊት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ሞሚና አህመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከዶክተር ፋሲካ ተድላ፣ ከዶክተር አላን ላይክትማንና ከዶክተር ጄፍሪ ፓንች ጋር በመሆን ስለ ኢትዮጵያ የአካል ንቅለ ተከላ «ትራንስፕላንቴሽን» በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አሳትመዋል። የእነዚህን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ሥራ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ውጭም ማየት አለብን። ንቅለ ተከላ የደምና የኅብረ ሕዋስ ምርመራ ላቦራቶሪ፣ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት፣ እንዲሁም ተቀባዩንም ለጋሹንም ለዓመታት የሚከታተል ክሊኒክ ይፈልጋል።

በአገራችን የሚሠራው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከሕያው ዘመድ የሚወሰድ ነው። ስለዚህ ወደ ቤታችን የሚመጣው ጥያቄ በአብዛኛው ይህ የመጀመሪያው ነው፦ «ከልጆቻቸው ወይም ከወንድሞቻቸው ማን ይሰጣል?»

ስለ ለጋሹ አደጋ በግምት ከመናገር የታወቀውን ቁጥር መያዝ ይሻላል። በአሜሪካ ከ80,000 በላይ ለጋሾችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምናው ዘጠና ቀናት ውስጥ የሞቱት ከ10,000 ለጋሾች ሦስት ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዕድሜ ዘመን የኩላሊት ሥራ ማቆም የሚደርስባቸው ከ10,000 ለጋሾች 90 ያህል እንደሚሆኑ ገምቷል፤ እንደ እነሱ ጤነኛ ሆነው ካልለገሱ ሰዎች ግን ከ10,000 14 ያህል ናቸው። እንግዲህ አደጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አለ። «ምንም አይሆንም» የሚል ሰው እውነቱን አጉድሏል፤ «ኩላሊቱን የሰጠ ይሞታል» የሚልም እንዲሁ። ቁጥሮቹ የተገኙት ለጋሹ በጥንቃቄ በሚመረጥበትና ክትትል በሚያገኝበት ሁኔታ መሆኑንም አንርሳ። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በምርመራ የሚለየው ለዚህ ነው።

የዑለማዎች ብይንስ? ዓለም አቀፉ ኢስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1988 በጂዳ ባደረገው አራተኛ ጉባኤው በ26ኛ ውሳኔው ነገሩን በዝርዝር ተመልክቶታል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1985 በመካ የሙስሊሙ ዓለም ሊግ (ራቢጣ) የፊቅህ ምክር ቤትም ፈቅዶታል። የብይኑ መንፈስ በአጭሩ ይህ ነው። ሕይወቱ የተመሠረተበትን አካል፣ እንደ ልብ ያለውን፣ ከሕያው ሰው መውሰድ ሐራም ነው። ሲወሰድ አንድን መሠረታዊ የሰውነት ተግባር ፈጽሞ የሚያሳጣ፣ ለምሳሌ የሁለቱንም ዓይኖች ብሌን መውሰድ፣ አይፈቀድም። እንደ ደምና ቆዳ ያለ ራሱን የሚተካ ነገር፣ ለጋሹ ለአቅመ ውሳኔ የበቃ ሆኖ ሸሪዓዊ መስፈርቱ ከተሟላ፣ ይፈቀዳል። ኩላሊትም ለጋሹ በአንዱ መኖር ስለሚችል፣ በፈቃዱ እስከሆነና ለእሱ የከፋ ጉዳት እስካላመጣ ድረስ ብዙኃኑ የዘመናችን ዑለማዎች ፈቅደውታል። መሸጥና መለወጥ ግን የተከለከለ ነው፤ የሰው አካል የገበያ ዕቃ አይደለም። አገራችንም በወንጀል ትቀጣበታለች።

የማይፈቅዱ ዑለማዎችም አሉ። ከእነሱ አንዱ የፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ነበሩ። መነሻቸው አካላችን የአላህ አማና ነው፤ እንደ ንብረታችን ልንሰጠው አንችልም የሚል ነው። ይህን አቋም የሚከተል ሰው «ኋላ ቀር» ሊባል አይገባም። የሚፈቅዱት ዑለማዎችም አካል አማና መሆኑን አይክዱም፤ አማናን ነፍስ ለማዳን በጥንቃቄ ማዋል አማናን መብላት አይደለም ይላሉ እንጂ።

ከሁሉ በላይ አጥብቀን ልንይዘው የሚገባ መስፈርት ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ ይሳሳታል። ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና ታናሹን ልጅ «አንተ ገና ወጣት ነህ፤ ለአባትህ ካልሰጠህ ለማን ልትሰጥ ነው?» ይሉታል። ወይም ያላገባችውን እህት «ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ፤ አንቺ ብትሰጪ ይሻላል» ይሏታል። ልጁ እንቢ ካለ ዕድሜ ልኩን የአባቱ ገዳይ ተብሎ ይታያል። በእንዲህ ዓይነት ጫና የተገኘ «እሺ» ፈቃድ አይባልም። ሰደቃ በግድ አይወሰድም፤ ኩላሊት ደግሞ ከገንዘብ ይበልጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 19 አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማንኛውም ጊዜ ቃሉን ሊሽር እንደሚችል ይደነግጋል።

ስለዚህ ከእናንተ አንዳችሁ ከቤት ተደውሎ ብትጠየቁ የመጀመሪያው ሥራችሁ ለጋሽ የተባለውን ሰው ለብቻው ማነጋገር ይሁን። «እንቢ ብትል ወንድሜነትህ አይቀነስም፤ ሐኪሙን ለብቻህ አነጋግረው» በሉት። ለመስጠት በልቡ የወሰነ ሰው ከዚህ በኋላም ይሰጣል፤ የዚያን ጊዜ ስጦታው የራሱ ነው፤ አጅሩም በኢኽላስ የተገኘ ይሆንለታል።

4. ሁለተኛው ጥያቄ፦ መሣሪያው መቼ ይነሳል?

ሌላ ሁኔታ እናስብ። አንድ ወጣት በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን ተመቶ ከቢቸና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ቬንቲሌተር ተደረገለት። ከቀናት በኋላ ሐኪሙ «አንጎሉ ሞቷል» አለ። እናቱ ግን እጁን ስትነካው ይሞቃል፤ ደረቱ ይንቀሳቀሳል። «ልጄ እየተነፈሰ እንዴት ሞተ ትሉኛላችሁ?» አለች።

እናቲቱ ያየችው እውነት ነው። ያላየችው ደረቱን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያው መሆኑን ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሁኔታዎችን መለየት አለብን። ኮማ የገባ ሰው ራሱን ስቷል እንጂ አንጎሉ ይሠራል፤ ሊነቃም ይችላል። በአንጎል ሞት ግን አንጎሉ ከነግንዱ ሥራውን በማይመለስ ሁኔታ አቁሟል። ሐኪሞች ይህን ለማለት በመጀመሪያ የጉዳቱን መንስኤ ማወቅ አለባቸው። የሰውነት ከመጠን በላይ መቀዝቀዝ ወይም የማደንዘዣ መድኃኒት ያስመሰለው እንዳይሆን ያጣራሉ። ቀጥሎ የዓይን ብሌን ለብርሃን፣ ጉሮሮ ለቱቦ ንክኪ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ይፈትሻሉ። በመጨረሻም ኦክስጅን እየተሰጠው ከመሣሪያው ለደቂቃዎች ተነጥሎ በራሱ ለመተንፈስ ይሞክር እንደሆነ ያያሉ።

ዑለማዎቻችን በዚህ ላይ ሁለት የታወቁ ውሳኔዎች አሏቸው፤ ልዩነታቸውን ልብ በሉ። የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በዐማን ባደረገው ሦስተኛ ጉባኤው በ17ኛ ውሳኔው፣ ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ የታየበት ሰው በሸሪዓ እንደሞተ ይቆጠራል አለ። አንደኛው ልብና ትንፋሽ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደማይመለሱ ሐኪሞች ሲወስኑ ነው። ሁለተኛው የአንጎል ተግባራት ሁሉ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደማይመለሱ ባለሙያ ሐኪሞች ሲወስኑና አንጎሉ መፈራረስ ሲጀምር ነው። የመካው የራቢጣ ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ሦስት ባለሙያ ሐኪሞች የአንጎል ተግባር በማይመለስ ሁኔታ መቆሙን ከወሰኑ መሣሪያውን ማንሳት ይፈቀዳል አለ፤ ሞቱ በሸሪዓ የሚታወጀው ግን መሣሪያው ከተነሳ በኋላ ልብና ትንፋሽ ሙሉ በሙሉ ሲቆሙ ነው አለ።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅመናል? በሁለቱም ውሳኔዎች መሠረት፣ መስፈርቱ ሲሟላ መሣሪያውን ማንሳት መግደል አይደለም። ለእናቲቱ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ «ልጄን አስገደልኩት» የሚል ጸጸት ልትሸከም አይገባትም። ልብና ጉበት ለመውሰድ ግን ልዩነቱ ወሳኝ ይሆናል፤ ምክንያቱም እነዚህ አካላት ልብ እየመታ ካልተወሰዱ በአብዛኛው ይበላሻሉ። በሌሎች አገሮች ሙስሊሞችን የሚያከራክረው ይህ ነው። በአገራችን ያለ ቤተሰብ ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደጃፍ ላይ የሚገጥመው ጥያቄ የመሣሪያው ጉዳይ ነው። በዚያ ጭንቀት መካከል «አካሉን ሊወስዱ ነው» የሚል ወሬ መጨመር ቤተሰብን ያለ ምክንያት ማሸበር ነው።

ስልኩ ሲደወል ሐኪሙን እንድትጠይቁ አራት ጥያቄዎች ያዙ፦ ኮማ ነው ወይስ የአንጎል ሞት? ምርመራውን ስንት ባለሙያዎች አረጋገጡት? የማደንዘዣ መድኃኒት ተጽዕኖ እንደሌለ ተጣርቷል? መሣሪያው ሕክምና ሆኖ እየረዳው ነው ወይስ የማይቀረውን እያዘገየ ብቻ ነው? ጥያቄዎቹን በትሕትና አቅርቡ፤ መልሱን ይዛችሁ የምታምኑበትን ዓሊም አማክሩ።

5. ሦስተኛው ጥያቄ፦ ከሞት በኋላ

የሟች ክብር በዲናችን ትልቅ ቦታ አለው። አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስ የሟችን አጥንት መስበር በሕያው ላይ እንደሚደረገው መሆኑን ያስተምራል። የጂዳው ውሳኔም ይህን ጠብቆ ነው የፈቀደው፦ የተቀባዩ ሕይወት ወይም መሠረታዊ የአካል ተግባሩ በልገሳው ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት፤ ሟቹ በሕይወቱ ወይም ወራሾቹ ከሞቱ በኋላ መፍቀድም አለባቸው።

ለዚህ ጥያቄ ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የዓይን ብሌን ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። የዓይን ብሌን የሚወሰደው ልብ ካቆመ በኋላ፣ በሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ የአንጎል ሞት ክርክር እዚህ ቦታ የለውም፤ ሞቱን ሁሉም የሚስማማበት ሞት ነውና። ሥራው አጭር ነው፤ የሟቹን ፊት አያበላሽም፤ ትጥበትንና ቀብርን አያስቀርም። የአንድ ሰው ሁለት ብሌኖች ለሁለት ሰዎች ብርሃን ሊሆኑ ይችላሉ።

ነገር ግን በጎጃም የዓይን ብሌን ጉዳት ሲነሳ ትራኮማ መነሳት አለበት። የአማራ ክልል ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ የመጣ የብሌን ጠባሳ ነበር። ትራኮማ የዓይን ቆብን አጣጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እንዲፍቀው ያደርጋል፤ ዓይንንም ያደርቃል። እንዲህ በተጎዳ ዓይን ላይ የሚተከል አዲስ ብሌን ብዙ ጊዜ አይሰምርም። መፍትሔው አስቀድሞ መከላከል ነው፦ የልጆችን ፊት ማጠብ፣ አካባቢን ማጽዳት፣ መድኃኒቱን መውሰድ፣ የተጣጠፈን ቆብ በጊዜው በቀዶ ሕክምና ማስተካከል። ለውዱእ በቀን ደጋግሞ ፊቱን የሚታጠብ ኡማ ልጆቹን ገና ሰላት ሳይደርስባቸው በዚህ ልማድ ቢያሳድጋቸው ምንኛ ያምር ነበር!

6. ዛሬ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ደም እንለግስ። ደም ከሕያው ወደ ሕያው የሚሰጥ፣ ሰውነት የሚተካው ስጦታ ነው፤ ስለ እሱ የዑለማዎች ፈቃድ ሰፊ ነው። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ደብረ ማርቆስ የደም ባንክ አለ። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት የሞጣ ወይም የቢቸና እናት፣ ሙስሊምም ትሁን ክርስቲያን፣ የምትጠብቀው ከረጢት የለጋሹን ሃይማኖት አይናገርም።

ሁለተኛ፣ ለእረፍት ቤት ስንገባ የወላጆቻችንን የደም ግፊትና ስኳር እናስለካ። ኩላሊትን በዝምታ ከሚያበላሹት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ለአባት ኩላሊት ለመስጠት የሚያስብ ልጅ አስቀድሞ የግፊት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ ቢያስታውሰው፣ ያንን ቀን ጨርሶ ሊያስቀረው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከቤተሰብ ጋር እንነጋገር። ወሲያ ለንብረት ብቻ አይደለም። «እንዲህ ብሆን ይህን እፈልጋለሁ፤ ይህን አልፈልግም» ብሎ በጤና ጊዜ መናገር፣ በጭንቅ ጊዜ ወራሾችን ከጸብና ከጸጸት ያድናል።

አራተኛ፣ ፈትዋን ከሚመለከተው እንጠይቅ። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ለማጥራት ነው እንጂ ፈትዋ አይደለም። በተወሰነ ሕመምተኛ ጉዳይ ሐኪሙ ያለውን በጽሑፍ ይዞ ወደ ዓሊም መሄድ፣ ከሁለቱ ወገን አንዱን ብቻ ሰምቶ ከመወሰን ይሻላል።

ለሐለቃ ውይይት

ሀ. በቤተሰብ ጫና የተገኘ የልገሳ ፈቃድ ከሸሪዓ አንጻር እንዴት ይታያል? ጫናውን ለማስቀረት ምን ዓይነት ሥርዓት ያስፈልጋል?

ለ. በዐማኑና በመካው ውሳኔ መካከል ያለው ልዩነት በአገራችን ለሚገኝ አንድ ቤተሰብ በተግባር ምን ለውጥ ያመጣል? የት ላይስ ለውጥ አያመጣም?

ሐ. የኮፐንሃገን ተማሪዎች በእጃቸው ያደረጉትን አስቡ። ጀማዓችን በአቅራቢያው ላለ ሆስፒታል ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ወይም ጊዜ ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ለሚያክሟቸው እጆች ብርታት ይስጥ፤ እውቀታችንንም ለሰው የሚጠቅም ያድርገው። አሚን። ወላሁ አዕለም።